ከሰላምታው በፊት

ጥቅምት 8፣ 2015

ናኦሚ ደወለች። ናኦሚ አዲስ አበባ ተቀምጣ ጌም የሚያሳትመውን የውጭ ድርጅት ወክላ አምቦ ካለነው ከእኛ ጋር የምትነጋገር ሴት ናት። ድምፅዋ ሁልጊዜ ደስ ያለው ነው፤ የምታመጣው ወሬ ግን እንደ ድምፅዋ አይደለም። ድርጅቱ ጌማችንን ወዶታል፣ ሊያወጣው ይፈልጋል። ነገር ግን በጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከጠፈር መንኮራኩራቸው ወርደው በእግራቸው ይሂዱ፣ መሣሪያ ይያዙ፣ ይታኮሱ ብሏል። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ካልደረሰ ውል የለም።

«ማዶ» ሰው ከወንበሩ የማይነሳበት ጌም ነው። ዕቃ ጭነህ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በጠፈር ትበራለህ። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ የሰው ፊት አታይም፣ ድምፅ ብቻ በሬዲዮ ትሰማለህ። ውበቱም ይኸው ነበር። አሁን እግር አምጡ ተባልን።

የሬዲዮ ድምፆቹን የሚሠራው ለሊሳ ሳቀ። «እግር ካለማ መሬትም ይጠይቃል» አለ። ሐምዲያ አልሳቀችም። ሥዕሉን የምትሠራው እሷ ናት፤ ለእያንዳንዱ ሰው አካል፣ ጫማ፣ ፊት ልትሠራ ነው። ኮዱ የእኔ ነው። ማንንም ሳላማክር ስልኩ ላይ እሺ ብዬ ከዘጋሁ በኋላ ነው የነገርኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እናያለን።

ጥቅምት 12

ዛሬ የለሊሳን አረማመድ ቀረጽን። ሌሎች ለዚህ ሥራ ልዩ ልብስ አላቸው አሉ፤ እኛ ሁለት ስልክና ነጭ ፕላስተር ነው ያለን። የእናቱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ፈቀደልን። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ክርኑም ጉልበቱም ላይ ፕላስተር ለጠፍንበት። ሄደ፣ ሮጠ፣ ቆመ፣ እጁን አነሳ፣ አጎነበሰ።

ለሊሳ ሲሄድ ግራ ትከሻውን ትንሽ ወደ ፊት ይጥላል፤ በብብቱ ሥር ዳቦ ይዞ ከዝናብ የሚሸሽ ይመስላል። ሐምዲያ «ደህና አድርገህ ሂድ እንጂ» አለችው። «ዕድሜ ልኬን እንዲህ ሄጄ ዛሬ ለጌም ብዬ ልታረም?» አላት። ተውነው። አሁን ሳስበው ጥሩ አደረግን። በስክሪኑ ላይ ሕያው የሚያደርገው ያ ትከሻ ነው።

መውደቅ ቀረን። ጥይት የመታው ሰው ሲወድቅ ማለቴ ነው። መዘምራኑ ለልምምድ መጥተው በር ላይ ይጠብቁ ነበርና አዳራሹን ለቀቅን። «ከጎጆ ስመለስ እወድቅልሃለሁ» አለኝ፤ ጎጆ አጎቱ ያሉባት ትንሽ ከተማ ናት። ፕላስተሩን ከክንዱ ሲያላቅቅ ፀጉሩን ይዞት ወጣ፣ ጮኸ፣ መዘምራኑ ሳቁበት።

ጥቅምት 14

ለሊሳ ጠዋት በጊንጪ አድርጎ ወደ ጎጆ ሄደ። አጎቱ ኦቦ ሌንጂሳ እጃቸው ተሰብሯል፤ ገብሱ ደርሷል፣ አጫጅ የለም። ለእሑድ እመለሳለሁ ብሏል። እናቱ አዴ ኡርጌ ሰሞኑን የዚያ መንገድ ወሬ ጥሩ አይደለም ብለው ነበር። እኔ ነኝ «አንድ ሳምንት ምን አላት፣ ይሂድ እንጂ» ያልኩት። በግቢያቸው ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ስኖር ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ በቤቱ ጉዳይ ሁሉ አስተያየት አለኝ።

ጥቅምት 20

እሑድ። አልመጣም። ስልኩ አይጠራም። የጎጆ ስልክ በሙሉ አይጠራም። መናኸሪያ ወርጄ ጠየቅኩ፤ ከጊንጪ ወደ ላይ መኪና አይወጣም አሉኝ። ለምን አላልኩም። መናኸሪያ ላይ ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው።

ለአዴ ኡርጌ «ገብሱ አላለቀለት ይሆናል» አልኳቸው። «አዎ፣ ገብስ እንደዚያ ነው» አሉኝ። ሁለታችንም ስለ ገብስ ብዙ እንደምናውቅ ሆነን አወራን።

ጥቅምት 24

ይህን ሳልጽፈው መተኛት አልቻልኩም።

ዛሬ የመጀመሪያዎቹ የታጠቁ ዘቦች በጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ተራመዱ። ሐምዲያ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ፊት ሠርታላቸዋለች፤ አንዱ ጢማም፣ አንዱ ልጅ እግር፣ አንዱ ጠባሳ ያለበት። አረማመዱ ግን የአንድ ሰው ነው። ሁሉም ግራ ትከሻቸውን ወደ ፊት ይጥላሉ። ከኮሪደሩ ጫፍ ሲመጡ ሐምዲያ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

መሣሪያ ይዤ ገባሁ። ጢማሙ አየኝ። ባየኝ ቅጽበት መተኮስ ነበረበት። ቆመ። ቀኝ እጁን አነሳና በለሊሳ ድምፅ «አከም ጅርታ? ነጋ? ማቲን ነጋ?» አለኝ። ደህና ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ሰላም ነው። ጠይቆ ሲያበቃ ተኮሰብኝ።

ሐምዲያ ጮኸች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀብን።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም፤ ጥፋቱ የእኛው ነው። በረራውን ብቻ በሠራንበት ጊዜ ለሊሳ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ማንኛውም ጣቢያ በሬዲዮ ሰላምታ ሳይጨርስ በሩን አይከፍትም። «ሰው ሳይጠያየቅ እንዴት ጉዳይ ይጀምራል? እንስሳ ነን?» ይል ነበር። ሰላምታዎቹን ሁሉ በራሱ ድምፅ ቀረጸ። እኔም ሕጉን ከኮዱ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሰው የሚባል ሁሉ ከማናቸውም ነገር በፊት ሰላም ይላል። የሙከራ ቅጂውን በኢንተርኔት ስንለቅ ይህን የወደዱ የውጭ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ። አንዱ እንዲያውም ቤተሰቤን የሚጠይቀኝ ይህ ጌም ብቻ ነው ብሎ ጽፎልን ለሊሳ ወረቀት ላይ አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ዘቦቹን የሠራኋቸው ከዚያው ከድሮው የሰው ኮድ ነው። ስለዚህ ጥይቱ ከቤተሰቡ በኋላ ተራውን ይጠብቃል። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፤ የሌላ አገር ሰው ይህን ስህተት አይሠራም።

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። የተመታው አይወድቅም። መውደቂያ የለውማ፣ አልቀረጽንም። ሕይወቱ ያልቅና ባለበት ቆሞ ይቀራል። ጣቢያውን ጨርሼ ወደ ኋላ ዞር ስል ኮሪደሩ በቆሙ ሰዎች ተሞልቷል።

ጥቅምት 28

መብራት የለም። ጀነሬተር። ናኦሚ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። ጎጆ አሁንም አይጠራም።

አዴ ኡርጌን አጅቤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በመንገዱ ያገኘን ሁሉ ይጠይቃል። ላሟ፣ ቤቱ፣ ተከራዩ እኔ፣ ከዚያ «ለሊሳስ? ምን ሰማችሁ?» ይላሉ። አዴ ኡርጌ ለእያንዳንዱ «ገብስ ላይ ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኔ የፈጠርኩት ገብስ ነው።

ኅዳር 2

አዴ ኡርጌ ቢሮ መጡ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን ያንን ደረጃ ወጥተው አያውቁም። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን ይዘው፣ «ምሳ አትበሉም፣ አጥንታችሁ ወጣ» እያሉ ገቡ። ስክሪኑን አልዘጋሁትም። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው ኮምፒውተር አያዩም ብዬ ይሆናል።

ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። በስክሪኑ ላይ አንድ ዘብ ጀርባውን ሰጥቶን በኮሪደሩ ይሄድ ነበር። ፊቱ እንኳ አይታይም።

«ኢሳ ዳ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙት። «እሱ ነው። ለሊሳ ነው።»

«አረማመዱን ቀርጸን ነው አዴ፣ ጌም ነው» አልኳቸው።

«ኤሳ ዴማ? ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም። ጣቢያውን ይዞራል፣ ይመለሳል።»

«ይመለሳል?»

«አዎ።»

ሐምዲያ ወንበር አቀረበችላቸው። ተቀመጡ። በመሣሪያው ላይ ምንም አላሉም፣ ምናልባት አላዩትም። ዘቡ ጥግ ዞሮ ሲጠፋ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ተመልሶ ሲመጣ ወደ ኋላ ደገፍ ይላሉ። ሲሄዱ ሳህኑን ረስተውት ሄዱ። በደረጃው ላይ «ደህና ነው፣ ደህና ይሄዳል» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለማን እንደሚነግሩ አላውቅም።

ኅዳር 6

በየቀኑ ይመጣሉ። ለእሳቸው ብዬ ለብቻው አንድ ጣቢያ ሠራሁ። መሣሪያ የለበትም፣ ተጫዋች አይገባበትም። አንድ ሰው ብቻ ይሄድበታል፣ ይዞርበታል። ሐምዲያ ፊቱን ለሊሳን እንዲመስል ላድርገው ወይ አለችኝ፣ ተይ አልኳት። ለምን እንደከለከልኳት ራሴም አልገባኝም። ፊት ከሰጠነው ሌላ ነገር የሚሆን መሰለኝ።

ዛሬ አዴ ኡርጌ «ለምን አይቀመጥም? ደክሞታል እኮ» አሉ።

መቀመጥ አልቀረጽንም። ይህን እንዴት ይነግሯቸዋል? «ሥራ ላይ ነው» አልኳቸው።

ይህ ደግነት ነው ወይስ ጭካኔ? እናት ልጇን በመስኮት እንድታይ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሲሄዱ «ጠዋት ስመጣ ትከፍትልኛለህ?» አሉኝ።

ኅዳር 9

ናኦሚ ደወለች፣ አነሳሁ። ሞካሪዎቹ እየሳቁ ነው አለችኝ። «ዘቦቹ ለምን ያወራሉ? ሰላም ሲሉ ነው እኮ ሞካሪዎቹ የሚገድሏቸው! አንድም ተጫዋች አልተመታም። ሶፊ፣ በቃ መጀመሪያ ይተኩሱ፣ ሌላ ምንም አትንካ።»

ሐምዲያ «ለሊሳ ይምጣና እሱ ይወስን፣ የእሱ ሕግ ነው» አለች።

«ውሉ ለሊሳን አይጠብቅም» አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ።

አንድ መስመር ነው። መተኮሱን ከሰላምታው በላይ አወጣሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሞከርኩት። በሩን ከፈትኩ፣ ጢማሙ አየኝ፣ እጁም ሳይነሳ ተኮሰ። ጥሩ ሆነ! እውነቴን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌሙ አስፈራኝ። ደግሜ ገባሁ፣ ደግሞ ገደለኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ በአስፋልቱ ላይ እያፏጨሁ እንደነበር ያወቅኩት የአዴ ኡርጌን በር ሳይ ነው።

ኅዳር 10

ናኦሚ «በጣም ግሩም!!!» ብላ ጻፈች። ሦስት ቃለ አጋኖ።

ኅዳር 13

እንግዳ ነገር። አዴ ኡርጌ ጠዋት መጥተው እንደተቀመጡ «እግሩን ምን ሆነ?» አሉ።

«የቱን?»

«ግራውን። ይጎትተዋል።»

አየሁ። እኔ ምንም አይታየኝም። ሐምዲያንም ጠራኋት፣ እሷም አልታያትም። ወይም አልታየኝም አለች። አዴ ኡርጌ ግን ከስክሪኑ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቀስ ብለው የገዛ ግራ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። ከሄዱ በኋላ ፋይሉን ከፈትኩ። በአዳራሹ ከተቀረጸ በኋላ ማንም አልነካውም። በኮምፒውተሩ ላይ አንዳንዴ እግር በመሬቱ ላይ ይንሸራተታል፣ በሙያችን የታወቀ ችግር ነው፣ ምናልባት እሱን አይተው ይሆናል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ከፍቼ አየሁት። ግራው እንደ ቀኙ ነው። እንደ ቀኙ ነው።

ኅዳር 17

ኦቦ ተሬፋ፣ ጎረቤታችን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆኑት፣ በር ላይ አዴ ኡርጌን አገኟቸው። እኔ በመስኮቴ እሰማ ነበር። ላሟን ጠየቁ። ጣሪያው ማፍሰሱን አቁሞ እንደሆን ጠየቁ። ስለ እኔ ጠየቁ፣ «ያ ተከራያችሁስ፣ ደህና ነው?» አሉ። ወገባቸውን ጠየቁ። ከዚያ ጌታ ያጽናሽ ብለው ሄዱ።

ቸኩለው ይሆናል። የሰው ነገር፣ ሰው ይረሳል።

አዴ ኡርጌ ግን በሩን ይዘው ብዙ ቆሙ። ስወጣ «ዘለለው» አሉኝ። «የለሊሳን ስም ዘለለው። ትናንት ገበያ ላይ ወርቅቱም ዘለለችው።»

«አዴ፣ ረስተው ነው።»

«እዚህ አገር የማይጠየቅ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። አላውቅም አልኩ። እሳቸውም እንደማላውቅ አመኑልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጎረቤቱ ሁሉ የሆነ ነገር ሰምቷል ወይም ሰምቶ ያልጨረሰው ነገር አለ፤ ድንኳን የሚተከልበት ወሬ ስላልደረሰ ማንም አፉን አይከፍትም። እኔም ደፍሬ ኦቦ ተሬፋን ምን ሰሙ ብዬ አልጠየቅኩም። ጠይቄ ቢነግሩኝስ? እስካልጠየቅኩ ድረስ ገብስ ላይ ነው።

ኅዳር 21

መውደቅ ቀረጽን። ናኦሚ የቆሙት ሙታን አስፈሪ ናቸው፣ ይውደቁ አለች። ሐምዲያ ከመዘምራኑ አንዱን እንለምን አለች። እምቢ አልኩ። የለሊሳን ቦታ ሌላ ሰው ሲይዝ ማየት አልፈለግኩም። ስለዚህ ራሴ ወደቅሁ። ፕላስተር ለጠፈችብኝ፣ ፍራሽ ዘረጋን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በጎን። ፍራሹ ላይ ተጋድሜ የአዳራሹን ጣሪያ እያየሁ «እንደገና፣ እጅህን መሬት ላይ አታስቀድም» ስትለኝ ድንገት ማልቀስ አማረኝ። አላለቀስኩም። እንደገና ወደቅሁ።

አሁን ሰዎቹ እንደ ለሊሳ ይሄዳሉ፣ እንደ እኔ ይወድቃሉ። መጋጠሚያው እንዳይታይ ስሠራ ዋልኩ።

ኅዳር 27

የፈራሁት ሆነ። ናኦሚን ለማግኘት ኔትዎርክ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። ሐምዲያ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ትሞክራለች፣ ሰው ሲገባ አልሰማችም። ስወርድ አዴ ኡርጌ ከኋላዋ ቆመዋል። በስክሪኑ ላይ ሰውየው ከኮሪደሩ መጣ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ የሚያውቁትን አካሄድ ሄዶ። ሐምዲያ ተኮሰች። ወደቀ።

እንዳይወድቁ ልይዛቸው ሮጥኩ። አልተንቀሳቀሱም።

«ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። «አወዳደቁ የእሱ አይደለም። ይሄ አንተ ነህ።»

ሐምዲያ ማዳመጫውን አውልቃ አፏን ያዘች።

«አዎ አዴ፣ እኔ ነኝ።»

«እሱ አልወደቀም ማለት ነው?»

«አልወደቀም።»

እጄን ይዘው ሳሙት። እኔ ነበርኩ የእሳቸውን መሳም የሚገባኝ። ያመጡትን ጭኮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላ ከግቢው ሲዘምሩ ሰማሁ። ይህን ደብተር ለማንም አላሳይም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ለሊሳ ሞቷል ብዬ ነው የማስበው። መጠበቅ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። በእሱ እግር እየሄድኩ ውል እፈርማለሁ።

ታኅሣሥ 3

መጣ። ለሊሳ መጣ።

በጭነት መኪና፣ በድንች ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ በጊንጪ በኩል። ከስቷል። ምርኩዝ ይዟል። ግቢው በሰው ሞላ፣ ኦቦ ተሬፋ እያለቀሱ «ለሊሳ ደህና ነህ፣ ለሊሳ ሰላም ነው» እያሉ ስሙን ደጋግመው ጠሩት፣ ዕዳ እንዳለባቸው ሁሉ። በግ ታረደ፣ ጸለዩ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አቅፎኝ «ጌሙስ?» አለኝ። ይህ ሰው!

ግራው ነው። እግሩ።

ታኅሣሥ 6

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አልጠየቅኩትም፣ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

ከአጎቱ ቤት ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች ነበሩ። እነማን እንደሆኑ አልነገረኝም። በየቀኑ ጠዋት ሲሄድም ማታ ሲመለስም ያስቆሙታል። «ግን ሰላም ይሉኛል» አለ። «አከም ጅርታ፣ ነጋ፣ ማቲን ነጋ፣ የአጎትህ እጅ እንዴት ሆነ። ሁሉን ጠይቀው ያሳልፉኛል። ለምጄያቸው ነበር። አንዱ ጢማም እንዲያውም ስለ እናቴ ይጠይቀኝ ነበር።»

ብርድ ልብሱን ጎተተ።

«አንድ ቀን ገብሱን ተሸክሜ ስመለስ፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሰላም ልላቸው እጄን ሳነሳ ተኮሱ። ያው ሰዎች ናቸው። ያው ጢማም። ምንም አላሉም። ምን እንደተለወጠ እስከ አሁን አይገባኝም።»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤቷ ደብቃ አስታመመችው፤ ጥይቱ አጥንቱን ስቶታል።

ቀኑን ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ዓርብ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ዓርብ ነበር፤ ኦቦ ሌንጂሳ ቅዳሜ ገበያ ነው ጫማ ልግዛልህ ብለውኝ ነበር።»

መስመሩን ያዛወርኩትም ዓርብ ነው፤ ብዙ ዓርብ ግን አለ። እኔ ኮድ ነው የምጽፈው። በምክንያትና በውጤት ነው የማምነው፤ አምቦ ላይ የተዛወረ አንድ መስመር ጎጆ ላይ ምንም አያደርግም። ይህን ለማንም ተማሪ ማስረዳት እችላለሁ።

ታኅሣሥ 8

ሰላምታውን ወደ ቦታው መለስኩት። ከመተኮሱ በላይ። ሐምዲያ አየችኝ። «ናኦሚ ምን ትላለች?» አለችኝ። ትበል አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ከእሷ ላፕቶፕ ላይም ራሷ መለሰችው።

ታኅሣሥ 13

ነገ መላኪያው ነው።

ለሊሳ ከሰዓት በኋላ ደረጃውን በምርኩዙ ወጥቶ መጣ። «እስቲ አሳዩኝ፣ ሁሉም አይቶት እኔ ብቻ ቀረሁ» አለ። አየር ላይ ያለ ያህል ቀሎኝ ነበር። የራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን በካርቶን ላይ ዘረጋ። ሐምዲያ ማውሱን ሰጠችው። ሕጉን እንደጠበቅንለት፣ ዘቦቹ አሁንም ሰላም እንደሚሉ ልነግረው አምሮኝ ነበር፤ ተውኩት። ራሱ ይስማው ብዬ። ደስ ይለዋል ብዬ።

መንኮራኩሩን አሳረፈ፣ ወረደ፣ በሩን ከፈተ። ከኮሪደሩ ጫፍ ሰውየው መጣ፣ ግራ ትከሻውን ጥሎ። ለሊሳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ራሱን እንዳወቀ ፊቱ ላይ አየሁ። ሰውየው ቆመ፣ ቀኝ እጁን አነሳ፣ በለሊሳ ድምፅ፣ በዚያ በሚስቅ የድሮ ድምፁ «አከም ጅርታ? ነ...» አለ።

ለሊሳ ተኮሰ።

ጥያቄው አላለቀም። ሰውየው ወደቀ፣ እንደ እኔ ወደቀ።

ሁለተኛው መጣ፣ እጁን አነሳ። ተኮሰ። ሦስተኛውን «አከም» እስኪል እንኳ አልጠበቀውም። ፊቱ ላይ ንዴት የለም፣ ምንም የለም። ሐምዲያ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

«ሶፊ፣ ይሄ ስህተት ነው» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «እጁን ሲያነሳ ነው እኮ የሚሞተው። መጀመሪያ መተኮስ አለበት። አስተካክልለት።»

ልመልስለት ስል ከታች ኮቴ ሰማሁ። አዴ ኡርጌ ናቸው፣ ደረጃውን እየወጡ፣ በየደረጃው አረፍ እያሉ። ከክፍሉ ውስጥ የልጃቸው ድምፅ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ሰላም ነው ሊል ይጀምራል፣ አይጨርስም። እጄን ዘርግቼ ድምፁን ዘጋሁት።

ለሊሳ ግን መተኮሱን አላቆመም።